ጠግቦ ነው ብዬ ነበር

ወንድሜ ኳስ ማየት ያቆመ ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው። ልጁ አርሰናል ማለት ነፍሱ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ከሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት እሱን ማስወጣት አይታሰብም፣ የተሸነፉ ቀን እራት አይበላም፣ ታዲያ አስረኛ ክፍል የገባ አመት ጥቅምት ላይ በቃ ተወው። "ዛሬ ጨዋታ የለም እንዴ?" ስለው "አለ" ይለኛል ግን ከአልጋው አይነሳም። እኔም ለእማዬ ደወልኩና "ልጅሽ ልብ ገዛልሽ፣ ኳሱን ትቶ ቤት መዋል ጀመረ" አልኳት፣ እሷም "ተመስገን" አለች። ልጁ መታመም የጀመረ ጊዜ ነው እንግዲህ ሁለታችን ተመስገን ያልነው።

እሱ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ነው፣ እኔ በ13 አመት እበልጠዋለሁ፣ እታለም እያለ ነው የሚጠራኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ አዲስ አበባ ይማር ተባለና ከአሰላ እኔ ጋ ጀሞ መጣ፣ ያው እንደ ብዙ ቤተሰብ ስራ የያዘ ታላቅ ታናሹን ያስተምራል። የመጀመሪያው አመት በጣም ጥሩ ነበር። ተጫዋች ነው፣ ሰው ይወዳል፣ ውሃ ሲጠፋ አራተኛ ፎቅ ላሉት እማማ ጀሪካን የሚያወጣላቸው እሱ ነበር፣ ማንም ሳይልከው። ይሄን የምነግራችሁ ምን አይነት ልጅ እንደነበር ካላወቃችሁ ምን እንደጠፋብን አይገባችሁም ብዬ ነው።

ከኳሱ ቀጥሎ ሆዱ መጣ። ህዳር ላይ ጠዋት ዩኒፎርም ለብሶ "ሆዴን" ይላል፣ ሌላ ቀን "ራሴን" ይላል። ክሊኒክ ወሰድኩት ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተባለ፣ መድሃኒቱን ጨረሰ ምንም ለውጥ የለም። ሌላ ክሊኒክ ሄድን ጨጓራ ነው ባክቴሪያ አለበት ተባለ፣ ያንንም ዋጠ፣ በርበሬ ከቤታችን ጠፋ፣ አልጫ ብቻ እየበላን ወር ሞላን፣ ያም አልሆነም። ሶስተኛው ጋ ሁሉንም ምርመራ አይተው "ምንም የለበትም" አሉኝ። እኔ ደግሞ "ምንም የለበትም" ሲሉኝ የሰማሁት "ያስመስላል" የሚል ነው። ከዛን ቀን ጀምሮ ሆዴን ሲለኝ መልስ መስጠት አቆምኩ፣ ቦርሳውን አንስቼ በር ላይ እቆማለሁ።

እንቅልፉም ተገለበጠ። ቅዳሜ ቀን እስከ 8 ሰአት ይተኛል፣ ሌሊት 9 ሰአት ላይ ውሃ ልጠጣ ስነሳ ደግሞ በብርድ ልብሱ ስር የስልክ መብራት አያለሁ። ስልኩ ነው ያበላሸው አልኩና ቀማሁት። ስልኩን ብቀማውም እንቅልፉ አልተመለሰም፣ ጨለማ ውስጥ ጣራ እያየ ነበር የሚያድረው፣ ያንን ያወቅኩት ግን በጣም ቆይቼ ነው። ከዛ ቁጣው መጣ። ይሄ ልጅ ሰው ፊት ጮክ ብሎ የማይናገር ልጅ ነው፣ አሁን "ምሳ በልተሃል?" ሲባል እንኳን ይቆጣል፣ በር ይደበድባል፣ ጥር ላይ አንድ ቀን ሰሃን ስላላጠበ ተናግሬው የያዘውን ብርጭቆ ግድግዳው ላይ ወረወረው። ሁለታችንም ደነገጥን። ጠጋ ብዬ ፊቱን ባየው ኖሮ ከኔ ይልቅ እሱ እንደደነገጠ አይ ነበር፣ ግን አላየሁትም፣ ስልኬን አንስቼ አሰላ ደወልኩና "ልጅሽ ጠግቧል" አልኩ።

ስለዚህች ቃል ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም እኛን ስድስት ወር ያስበላችን እሷ ናት። ጥጋብ። እኛ ቤት፣ እናንተም ቤት ይመስለኛል፣ የጉርምስና ልጅ ፊቱን ካጠቆረ ጠግቦ ነው፣ ቁርስ ካልበላ ጠግቦ ነው፣ ትምህርት ካስጠላው ጠግቦ ነው፣ ከዘመድ ጋር ቁጭ ብሎ ካልተጫወተ ጠግቦ ነው። እናቴ ያደገችው ልጅ ሁሉ በማይጠግብበት ዘመን ነው፣ የ77ቱን ድርቅ አይታለች፣ እሷ አይን ውስጥ ምግብ ያለበት ቤት፣ አልጋ ያለው፣ ትምህርት ቤት የሚከፈልለት ልጅ ሊከፋው የሚችልበት ምክንያት የለም፣ ስለዚህ ከተከፋ የተረፈው ነገር አለ ማለት ነው። ክፉ ሆና አይደለም። ግን ቃሏ አንዴ ከተነገረች በኋላ ልጁ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ለሷ ማስረጃ ይሆናል። ጥጋብ ደግሞ መድሃኒቱ ቁጣና ልጓም ነው፣ ማንም ለጥጋብ ሐኪም ቤት አይሄድም።

"ድብርት" የሚለው ቃልም ብዙ አልረዳንም። ኔትወርክ ሲጠፋ ደበረኝ እንላለን፣ ፊልሙ ካላማረን ይደብራል እንላለን፣ ሰውየው ራሱ ደባሪ ነው እንላለን። ባለሙያዎቹ አሁን አሁን ድባቴ ሲሉ እሰማለሁ፣ ለየት እንዲል ይመስለኛል፣ ጥሩ ነው። ወንድሜ ግን ድባቴም ድብርትም ብሎኝ አያውቅም። እሱ ያለኝ አንድ ቃል ነው። የካቲት መጀመሪያ ላይ ማታ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቲቪው ተዘግቷል፣ "እታለም ደክሞኛል" አለኝ። እኔ ከስራ መጥቼ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፣ ዞር ብዬ እንኳን ሳላየው "ምን ሰርተህ ነው የሚደክምህ?" አልኩት።

ይሄን አረፍተ ነገር መልሼ ብውጠው ደስ ይለኝ ነበር። ዝም አለ፣ ከዛ በኋላ ለሶስት ሳምንት ከ"እሺ" እና "አይ" ውጪ ምንም አልነገረኝም። ልጁ በሩን ትንሽ ከፈት አድርጎ ነበር፣ እኔ ነኝ የዘጋሁበት።

እማዬ ከአሰላ መጣች። አይታው አለቀሰች፣ ከስቷል፣ እኔ በየቀኑ ስለማየው መክሳቱን አላስተዋልኩም። "ይሄ አይነ ጥላ ነው" አለች፣ ትምህርቱን የጠላው፣ ሰው የሸሸው፣ ያው ምልክቱ ይታወቃል አለች፣ እና ጸበል ወሰደችው ሰባት ቀን። እዚህ ላይ ከኔ ነቀፋ የምትጠብቁ ካላችሁ የለኝም። ሰባቱንም ቀን አብራው ሌሊት ተነስታ በብርድ ሄዳለች፣ እጁን ይዛ ቆማለች፣ ልጁ ከወራት በኋላ "ጥሩው ነገር እማዬ ምንም አልጠየቀችኝም፣ ዝም ብላ አብራኝ ትቀመጣለች" ብሎኛል። እዛ ያገኟቸው አንድ አባት ደግሞ አይተውት ለእማዬ "ልጄ፣ ጸበሉን አትተዪ፣ ሐኪምም አሳዪው፣ ሐኪሙንም የሰጠን እሱ ነው" አሏት። እግዜር ይስጣቸው። እኔ ብናገር የማትሰማውን ከሳቸው ሰማች። ጸበልና መድሃኒት አብሮ አይሄድም ብላችሁ ልጃችሁን መድሃኒት ያስጣላችሁ ወይ ልታስጥሉ ያሰባችሁ ካላችሁ ይሄን አባት አስቧቸው።

በዛው ሳምንት የሒሳብ አስተማሪው ደወለልኝ። ልጁ አይረብሽም አለኝ፣ ችግሩም አለመረበሹ ነው፣ ደብተሩ ከህዳር ወዲህ ባዶ ነው፣ ቁጭ ብሎ ሰሌዳ ያያል ግን አይጽፍም፣ "ሰነፍ ልጅ አውቃለሁ፣ ይሄ ስንፍና አይደለም" አለኝ። 60 ልጅ በሚማርበት ክፍል ውስጥ አንድ ዝም ያለ ልጅ ማየት ቀላል አይደለም፣ እስከዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ሐኪም ቤት ለመሄድ ግን እኔ ራሴ ሁለት ሳምንት ፈራሁ። ምክንያቱ ይታወቃል። አዲስ አበባ ውስጥ የአእምሮ ህክምና ሲባል የሚመጣልን አማኑኤል ነው፣ አማኑኤል ደግሞ ለብዙ አስርት አመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ ስድብ ሆኖ ቀረ፣ ልጅ እያለን እርስ በርስ "አማኑኤል ግባ" እንባባል ነበር፣ ስንት ሰው ያዳነ ቤት ነው እኮ። አሁን በሌሎች የመንግስት ሆስፒታሎችም የሳይካትሪ ክፍል አለ፣ በጤና ጣቢያ ደረጃም የሰለጠኑ ባለሙያዎች ያሉበት አለ፣ እኛ የሄድነው ቅርባችን ያለ የመንግስት ሆስፒታል ነው። ያየችን የሳይካትሪ ነርስ ናት። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም መሰለኝ፣ አገራችን ውስጥ የሳይካትሪ ስፔሻሊስት ሐኪም በጣም ጥቂት ስለሆነ አብዛኛውን ስራ የሚሰሩት የሳይካትሪ ነርሶችና በአእምሮ ጤና ማስተርስ ያላቸው ባለሙያዎች ናቸው፣ ይመረምራሉ፣ መድሃኒት ያዛሉ፣ ክትትል ያደርጋሉ።

ሲስተር መጀመሪያ ያደረገችው ነገር እኔን ማስወጣት ነው። ከልጁ ጋር ብቻዋን 40 ደቂቃ ያህል ቆየች። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ተናድጄ ነበር፣ የማሳድገው እኔ፣ የምከፍለው እኔ፣ ምን የሚነግራት ሚስጥር አለው ብዬ። ኋላ ስገባ እሱ የፈቀደላትን ብቻ ነገረችኝ፣ እና ጥያቄዎቹን አብራራችልኝ። ድብርትን ለመለየት ዘጠኝ ምልክት ነው የሚታየው፣ የሙድ መውረድ፣ ለነገር ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት ወይ ክብደት፣ ድካም፣ ሀሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ ዋጋ የለኝም ብሎ ራስን መውቀስ፣ መቁነጥነጥ ወይ ከወትሮው መንቀርፈፍ፣ እና ስለሞት ማሰብ። ከነዚህ ቢያንስ አምስቱ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ አብዛኛውን ቀን፣ ከአምስቱ አንዱ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መሆን አለበት። "እሱ ግን አያዝንም እኮ፣ ይቆጣል እንጂ" አልኳት። "በልጆችና በጎረምሶች ሀዘኑ በቁጣ ሊመጣ ይችላል፣ መስፈርቱ ላይ ራሱ ተጽፏል" አለችኝ። እኔ የተጨነቀ ሰው ያለቅሳል ብዬ ነበር የማውቀው፣ የተሰበረ ብርጭቆ ልቅሶ ሊሆን እንደሚችል ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ኳሱን የተወበትን ነገርኳት። "የመጀመሪያው እሱ ነበር ማለት ነው" አለች። ሆዱንም ነገርኳት፣ አልገረማትም፣ በዚህ እድሜ ብዙዎቹ በሆድና በራስ ህመም ነው የሚመጡት አለችኝ። ደም አስመረመረችው፣ የታይሮይድና የደም ማነስ ነገርም ተመሳሳይ ድካም ስለሚያመጣ እሱን ሳያዩ መደምደም የለም፣ ደህና ነበር።

ከዘጠኙ የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ "አዎ" ብሏል። ይሄን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። እቅድ አልነበረውም፣ ግን ሌሊት ሌሊት ባልነቃ እያለ ይተኛ ነበር። እኔ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ነው የምተኛው።

ሲስተርን "እንዴት እንደዚህ አይነት ነገር ልጅ ትጠይቂያለሽ፣ ያላሰበውን እንዲያስብ አታደርጊውም?" ብያታለሁ፣ ብዙዎቻችሁም እንደዛ ታስባላችሁ ብዬ እገምታለሁ፣ እኛ ክፉ ነገር ስሙ አይጠራም፣ ይጠራል እንላለን። ግን በጥናት ተደጋግሞ የታየው መጠየቅ ሀሳቡን እንደማይተክል ነው፣ አብዛኛው ልጅ ሲጠየቅ ሸክሙ ይቀለዋል። ወንድሜን ኋላ ጠይቄው "የዛን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተነፈስኩት" ነው ያለኝ። የአለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ15 እስከ 29 ባለው እድሜ ራስን ማጥፋት ከዋነኞቹ የሞት ምክንያቶች ሶስተኛው ነው፣ ስለዚህ ዝምታችን ማንንም አልጠበቀም። ወደ ቤት ስንሄድ ሲስተር ያዘዘችኝ ነገር መድሃኒቱን እኔ እንድይዝ፣ ቤት ያለ ማንኛውንም መድሃኒትና ኬሚካል ቆልፌ እንዳስቀምጥ፣ ለተወሰነ ጊዜ ብዙ ብቻውን እንዳላስቀምጠው ነው። ቁልፍ ያለው ትንሽ ሳጥን ከመርካቶ ገዛሁ። እሱም አየው፣ ለምን እንደሆነ ደብቄ አላስመሰልኩም፣ "ስለምፈራልህ ነው" አልኩት፣ "እሺ" አለኝ፣ ግን የዛን ቀን እሺው ሌላ አይነት እሺ ነበር።

አሁን የማይቀለኝ ክፍል ላይ ደርሻለሁ።

አባባ፣ አያታችን፣ አሰላ እሱን ያሳደጉት ሰው ናቸው። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ ልጁ አባት ብሎ የሚያውቀው እሳቸውን ነው፣ ትምህርት ቤት ያደረሱት እሳቸው፣ ከብት ያሳዩት እሳቸው፣ ኳስ በሬዲዮ ያስለመዱት እሳቸው። ዘጠነኛ ክፍል የአመቱ መጨረሻ ፈተና ሊጀምር ሁለት ቀን ሲቀረው ሰኔ ላይ አረፉ። እኛም ማንም ቤተሰብ የሚያደርገውን አደረግን፣ ልጁ ፈተና ላይ ነው አይረበሽ፣ መርዶው ይቆይ። እኔ ለስራ ወደ ሐዋሳ ልሄድ ነው ብዬ ጎረቤት ጋ ትቼው ሄጄ ቀብሬ ተመለስኩ፣ ሐዘን ልብሴን ቦርሳ ውስጥ ደብቄ ቤት ገባሁ፣ "ስራ እንዴት ነበር?" ሲለኝ ጥሩ ነበር አልኩት። ፈተናውን ሲጨርስ ሽማግሌ ጎረቤቶች ጠርቼ ጠዋት በማለዳ አረዳነው። አላለቀሰም። ሰዉ ሁሉ ጎበዝ ነው፣ ጠንካራ ልጅ ነው አለ። ክረምቱን አሰላ ሄዶ ሲመለስ ዝም እንዳለ ነበር፣ እኔም ጠንካራ ነው ብዬ ዘጋሁት።

ያንን ለሲስተር የነገራት እሱ ነው፣ እኔ ታሪክ ስትጠይቀኝ ምንም አልመጣልኝም ነበር። ያለው ነገር "ሁሉም ሰው አውቆ እኔ ብቻ ፈተና እየተፈተንኩ ነበር" ነው። አፈር አላለበሰም፣ ፊታቸውን አላየም፣ እና እኔን ሲያይ እየዋሸሁት ቡና ያጠጣሁትን ሶስት ቀን ነው የሚያየው። አሁንም ቢሆን መርዶ ስለማቆየት ትክክለኛው ምን እንደሆነ ለሁሉም ሰው የሚሆን መልስ የለኝም። ለኛ ቤት ግን ስህተት ነበር፣ ለእሱም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። በመጋቢት መጨረሻ አሰላ ወስጄው መቃብራቸው ጋ ብቻውን ተቀመጠ፣ አንድ ሰአት ተኩል፣ እኔ በር ላይ ጠበቅኩት፣ ያን ቀን ነው ያለቀሰው።

ሲስተር ግን "በዚህ ምክንያት ነው" ብለሽ እንዳትደመድሚ ብላኛለች። አያት የሞተበት ልጅ ሁሉ አይታመምም። የዘር ነገር አለ፣ ቤተሰባችን ውስጥ "ሀሳብ ይዞት" የሚባሉ አጎት ነበሩን፣ ከአገር መነቀሉ አለ፣ እድሜው ራሱ አለ። በጉርምስና የሰውነት ሰአት ወደ ኋላ ስለሚሄድ እንቅልፍ ይዘገያል፣ ስሜትን የሚቆጣጠረው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ እድገቱን አይጨርስም። ሴት ልጆች ላይ ከጉርምስና በኋላ ድብርት ከወንዶች ሁለት እጥፍ ገደማ ይበዛል፣ እነሱ ደግሞ ስለማይሰብሩና ስለማይጮሁ "ጨዋ ናት" ተብለው ያልፋሉ፣ ይሄ ሁሌ ያስፈራኛል። በአለም ላይ ከ10 እስከ 19 አመት ካሉት ከሰባቱ አንዱ የሆነ አይነት የአእምሮ ጤና ችግር አለበት፣ ከአእምሮ ህመም ሲሶው ከ14 አመት በፊት፣ ግማሹ ደግሞ ከ18 አመት በፊት ነው የሚጀምረው፣ ይሄም የአለም ጤና ድርጅት ቁጥር ነው። የፈተናው ነገርም ቀላል አይደለም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 እና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ናቸው፣ ይሄን ዜና ቤታችን ሳሎን ውስጥ ጮክ ብለን እያወራን ልጁ ጓዳ ሆኖ ይሰማ ነበር። ህመሙን ፈተናው አመጣው አልልም። ግን ዋጋ የለኝም እያለ ለሚያድር ልጅ ከመቶ ዘጠና ሰባቱ ይወድቃል ሲባል የሚሰማው እኔና እናንተ የምንሰማውን አይደለም።

ወደ ህክምናው ልምጣ፣ ኢንቦክስ የምትጠይቁኝ እሱን ስለሆነ። ፍሎክሰቲን የሚባል የድብርት መድሃኒት ታዘዘለት፣ ጠዋት ጠዋት አንድ፣ እና በየሳምንቱ የንግግር ህክምና። መድሃኒቱን በጣም ፈርቼ ነበር፣ ሱስ ይሆንበታል፣ ያፈዘዋል፣ እድሜ ልኩን ሊወስድ ነው። ሱስ አያስይዝም፣ ነገር ግን በድንገት አይቋረጥም፣ በሐኪም ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ከተሻለው በኋላ ከስድስት ወር እስከ አንድ አመት ይቀጥላል። ይሄ የኔ ወንድም የታዘዘለት ነው፣ ማንም ከዚህ ተነስቶ ፋርማሲ እንዳይሄድ እለምናችኋለሁ። አሜሪካ ውስጥ ከ12 እስከ 17 አመት የሆኑ 439 ልጆች ላይ ተሰርቶ በ2004 እ.ኤ.አ የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፣ በ12 ሳምንት ውስጥ መድሃኒትና ንግግር አንድ ላይ ያገኙት 71 በመቶ ተሻላቸው፣ መድሃኒት ብቻ 61፣ ንግግር ብቻ 43፣ ባዶ ክኒን የተሰጣቸው 35። አንድ ላይ ሲሆን ይሻላል ማለት ነው። በዛው አመት ደግሞ የአሜሪካ የመድሃኒት ተቆጣጣሪ በነዚህ መድሃኒቶች መግለጫ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አድርጓል፣ ጥናቶቹ ተደምረው ሲታዩ መድሃኒት ከወሰዱት ልጆች ከመቶ አራቱ፣ ባዶውን ከወሰዱት ከመቶ ሁለቱ ራስን የመጉዳት ሀሳብ ወይ ሙከራ ታይቶባቸዋል፣ በነዛ ጥናቶች ውስጥ የሞተ አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ አይን አይነቀልም፣ እንቅልፉ ጭራሽ ከጠፋ፣ ከተቁነጠነጠ፣ ከተባባሰ ወዲያው መመለስ ነው። ሲስተር ይሄን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረችኝ፣ ስለነገረችኝም ነው ያመንኳት።

የመጀመሪያዎቹ ሶስት ሳምንታት ምንም አልነበረም። የማቅለሽለሽና የራስ ምታት ብቻ። መድሃኒቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል ተብዬ ነበር ግን መጠበቅ ሌላ ነገር ነው፣ ሁሌ ፊቱን እያየሁ አደክመው ነበር። በዛ ጊዜ የሰራው ዳቦ ነው። የንግግር ህክምናው ላይ የተሰጠው የቤት ስራ ፍላጎት እስኪመጣ አትጠብቅ፣ ትንሽ ነገር በየቀኑ በአንድ ሰአት አድርግ የሚል ነበር፣ እሱ የመረጠው ጠዋት 1 ሰአት ላይ ወርዶ ዳቦ መግዛት ነው። አምስት ፎቅ ወርዶ፣ ሁለት መቶ ሜትር ሄዶ፣ አራት ዳቦ። አንዳንድ ቀን ከአልጋ ለመነሳት 40 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ትምህርት ያልሄደበት ቀን እንኳን ዳቦው ይመጣል። ደረቅ ዳቦ ሲበዛብን ቤቱ ሁሉ የዳቦ ፍርፍር ሆነ። አምስተኛው ሳምንት አካባቢ ማታ "ዛሬ ሽሮው ጨው በዝቶበታል" አለኝ። ወራት ሙሉ ያቀረብኩለትን ሁሉ ሳይቀምስ የዋጠ ልጅ ጨው በዛ አለኝ፣ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ዘመድ ግን ዝም አላለም። "ምን ጎደለበት?"፣ "ለልጅ የእብድ መድሃኒት ትሰጫለሽ?"፣ "እኛም ጎርምሰናል።" አክስቴን ከዛ በፊት በህይወቴ መልሼባት አላውቅም፣ የዛን ቀን ግን "እትዬ፣ ስኳር ቢይዘው መርፌውን ታስጥይኝ ነበር?" አልኳት። አኮረፈችኝ፣ ፋሲካ ላይ ዶሮ ይዛ መጣች።

ሌላ ያነበብኩትን ልንገራችሁ። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የሳይካትሪ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ ሐራሬ ምባሬ የሚባል ሰፈር ውስጥ 14 አያቶችን አሰልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፣ የተጨነቀ ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፣ ያዋሩታል፣ ችግሩን አንድ በአንድ እያነሱ መላ ይፈልጋሉ። በ2016 እ.ኤ.አ የወጣው፣ በ573 አዋቂዎች ላይ የተሰራው ጥናት ከስድስት ወር በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ከሌሎቹ በጣም እንደተሻላቸው አሳየ። በሾና ቋንቋ ህመሙን የሚጠሩት ኩፉንጊሲሳ ብለው ነው፣ ብዙ ማሰብ ማለት ነው። ይሄን ሳነብ አጎቴ ነው የመጡብኝ፣ "ሀሳብ ይዞት" የተባሉት። ቃሉ እኛም ጋ አለ፣ አያቶቹም አሉ፣ ቡናውም በየቀኑ ይፈላል፣ ታዲያ ቡና ላይ ጨጓራዬን እንላለን፣ ደሜን እንላለን፣ ልጄ እንዲህ ሆኗል የምንለው ግን በሹክሹክታ ነው።

ውጪ ያላችሁም ጽፋችሁልኛል። አንድ እናት ከአሜሪካ ልጇ ለትምህርት ቤቱ ካውንስለር በእንግሊዝኛ ሁሉንም እንደነገረች፣ እሷ ግን ለእናትየዋ ለመንገር አማርኛው እንደጠፋት ጻፈችልኝ። "ድብርት" የሚለውን ቃል ልጅቷ ጭራሽ አታውቀውም። አሜሪካ ያላችሁ 988 ላይ በማንኛውም ሰአት መደወል ወይ ቴክስት ማድረግ ይቻላል፣ ወላጅም ስለልጁ ሊደውል ይችላል። እዚህ ያለን ደግሞ አደጋ አለ ብለን ከጠረጠርን ቀጠሮ ሳንጠብቅ ቅርብ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው መሄድ ያለብን፣ ሌሊትም ቢሆን።

አሁን 11ኛ ክፍል ነው። መድሃኒቱን ገና እየወሰደ ነው። ክፉ ሳምንት አሁንም ይመጣል፣ ባለፈው ሰኔ አባባ ያረፉበት ቀን ሲደርስ አራት ቀን አልተነሳም፣ እኔም በር ላይ ቦርሳ ይዤ አልቆምኩም፣ አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ የቢሮ ስራዬን ሰራሁ። ውጤቱ ገና እንደበፊቱ አልሆነም፣ አስተማሪው ጋ ተነጋግረን የቀረበትን ቀስ እያለ እየያዘ ነው። ኳስ ማየት ጀምሯል ግን ሁሌ አይደለም፣ እኔም "ዛሬ ጨዋታ የለም እንዴ?" ማለት ትቻለሁ።

ይሄን ከመለጠፌ በፊት ሙሉውን አስነበብኩት። አልጋው ላይ ተንጋሎ በስልኬ ነው ያነበበው፣ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። አንድ አንቀጽ አስወጣኝ፣ አወጣሁት። ከዛ ስልኩን መለሰልኝና "እታለም፣ ሆዴ ግን እውነትም ያመኝ ነበር፣ ሰው ያስመሰልኩ እንዳይመስለው እሱን ጻፊ" አለኝ።

እውነትም ያመው ነበር።